አራተኛው ዙር

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 9

ለምወድሽና ለማከብርሽ እታለም፣

   

ፍላሹና ደብዳቤሽ ማክሰኞ ማታ ደረሱኝ። ጤፍ ጭኖ የመጣው ዘመዳችን ራሱ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ፍላሹን በደብዳቤው፣ ደብዳቤውን በፌስታል ጠቅልለሽ ከማኛው ጤፍ መሀል ቀብረሽው ኖሮ፣ ወረቀቱን ስዘረጋው ከእጥፋቱ ነጭ ጤፍ ጠረጴዛዬ ላይ ተበተነ። አልጠረግሁትም። ይህን ስጽፍልሽም ክርኔ ሥር አለ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት፤ በተለይ ሞጣ ሄደሽ በኖታ የጻፍሽውን ዜማውን ለአባባ ያሰማሽበትን ቦታ። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ደኅናውን ጆሮውን አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልቅ ሰማና፣ «ጅምሩስ የኔ ነው። ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ሄዶ ዘጋው፤ እኔ አራት ጊዜ ነው የምሄደው። መዝጊያው ላይ ደግሞ የሚሰናከል ሰው አለ» አለሽ። እታለም፣ እዚህ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። ኖታ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ አንቺ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትፈልጊው የከረምሽውን ስህተት አንዴ ሰምቶ፣ ሁለት መሆኑን እንኳ ለይቶ ነገረሽ። ፋይሉን ከፍቼ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ነገሩ ልክ እሱ እንዳለው ነው።

አንቺ ግን «ይሄ ነገር ለእኔ አልተፈጠረም» ብለሽ ጽፈሻል። እንዲህ አትበይ። ገጹ ላይ አንድም የተሳሳተ ድምፅ የለም። አባባ በዋሽንት የሚነፋውን በጆሮሽ ብቻ ለቅመሽ፣ በትዝታ ቅኝት አስቀምጠሽ፣ ለክፍልሽ ልጆች ድምፅ እንዲመች ዝቅ አድርገሽ ጽፈሽዋል። ይህን ማድረግ የማይችል ስንት የተማረ ሰው አለ። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

ያንቺ ገጽ 12 ባር ነው። ከ1 እስከ 8 ዋናው ዜማ። 9 እና 10 አንደኛው መዝጊያ፤ ሶል ላይ ወጥቶ እዚያው ይንጠለጠላል፣ ሊመለስ ነውና። 11 እና 12 ሁለተኛው መዝጊያ፤ በሚና በሬ በኩል ወርዶ ዶ ላይ ያርፋል። 10ኛው ባር ጫፍ ላይ የሪፒቱ ሁለት ነጥቦች አሉ። ከመዝጊያዎቹ በላይ ደግሞ ቅንፍ የመሰለው መስመር ተሰምሯል፤ በአንደኛው ላይ «1፣ 2፣ 3»፣ በሁለተኛው ላይ «4» ብለሻል። ጣልያኖች ቮልታ ይሉታል፤ ጊዜ፣ ዙር እንደማለት ነው፤ ኖታውን የምትጽፊበት ፕሮግራም፣ ሙዝስኮርም በዚሁ ስም ይጠራዋል። ይህን ገጽ ኖታ ለሚያነብ ለማንም ሰው ብትሰጪው፣ ሦስት ጊዜ ተመልሶ በአራተኛው ይዘጋልሻል። ስለዚህ ለሰው የተጻፈው ልክ ነው።

መጀመሪያ ስለዚያ ስለሚሰናከለው ሰው ልንገርሽ። አንደኛው ቅንፍ ሲያዩት 9ኛውንም 10ኛውንም ባር ሸፍኗል። አንቺ ግን መጀመሪያ 9ኛው ላይ ብቻ አስቀምጠሽው፣ ኋላ ጫፉን በማውስ ጎትተሽ ነው ያስረዘምሽው። ያንቺ ኮምፒውተር ላይ ያለው ሙዝስኮር 3 ነው፤ በእሱ ጫፉን መጎተት መስመሩን ያስረዝመዋል እንጂ የታሰረበትን ባር አይለውጠውም። ገመዱ ረዘመ እንጂ ካስማው አልተነቀለም። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ማሽኑ 9ኛውን ባር ይዘላል፣ 10ኛው ግን ከቅንፉ ውጭ ነው ብሎ ስለሚያምን ይጫወተዋል። ከ8ኛው ባር በቀጥታ ሶሉ ላይ ዘጭ ይልና፣ ከዚያ እንደገና ተነሥቶ ሁለተኛውን መዝጊያ ይጀምራል። አንድ ሰው ደጃፍ ላይ እግሩን መትቶት ቀና ሲል ማለት ነው። አባባ የሰማው ያችን አንዲት ባር ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቅንፉን ሰርዢው። 9ኛውን ባር ተጫኚ፣ ሺፍትን ይዘሽ 10ኛውን ተጫኚ፣ ሁለቱም ሰማያዊ ሲሆኑ ከጎን ካለው ሰሌዳ ቮልታውን ምረጪ። ሁለቱንም ባር አንድ ላይ ይይዛል። ከዚያ በኋላ አትጎትቺው። መጎተት ያለብሽ ቢመስልሽም አትጎትቺው፤ ሰርዘሽ እንደ አዲስ አስቀምጪው።

አሁን ወደ ዙሩ። ማሽኑ ቅንፉ ላይ የጻፍሽውን አያነበውም። ይህን ማንም አልነገረሽም፣ እኔም ያኔ ላፕቶፑን ስሰጥሽ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ላዩ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ለሰው ዓይን ነው። ማሽኑ የሚታዘዘው ከጀርባ ለተቀመጠ ሌላ ቁጥር ነው። ቅንፉን መርጠሽ ኤፍ 8ን ስትጫኚ በጎን ኢንስፔክተር የሚባለው ሰሌዳ ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ ሪፒት ሊስት የሚል ቦታ አለ። አንቺ ጽሑፉን «1፣ 2፣ 3» ስታደርጊው ያ ቦታ 1 እንዳለ ነው የቀረው። «4» ያልሽውም ከጀርባው 2 ነው። የመጀመሪያውን 1፣ 2፣ 3 አድርጊው፣ ሁለተኛውን 4።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ ነጥቦች ያሉበትን 10ኛውን ባር በቀኝ ተጫኚና ሜዠር ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቺ፤ ፕሌይ ካውንት የሚል ታገኛለሽ። ካልነኩት 2 ነው። 4 አድርጊው። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል። ፕሌይ ካውንቱን 4 አድርገሽ የቅንፉን ዝርዝር 1 ብትተዪው፣ በሁለተኛው ዙር ማሽኑ ቅንፉን ሙሉ በሙሉ ስለሚዘለው ነጥቦቹ ጋ ጭራሽ አይደርስም፤ 4 ማለትሽን ሳያየው ዘግቶ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው፤ ቁጥሩን አስተካክሎ ድምፁ ያው ሲሆንበት።

አባባ በጎልማሳነቱ ወደ በጌምድር ሲሻገር የሚነግረንን ታስታውሻለሽ? ሰባራ ድልድይን። በዐፄ ፋሲል ዘመን ዓባይ ላይ የተሠራው፣ በጣልያን ጊዜ መሀሉ የተሰበረው፣ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከዚህ ጫፍ ወደዚያ ጫፍ የሚሳብበት። ይህን ሥራ በሠራሁ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣብኝ። በአራተኛው ዙር ዜማው 8ኛው ባር ጫፍ ላይ ይቆማል፤ ቀጣዩ ርምጃው 11ኛው ላይ ነው፣ ወዲያ ማዶ። መሀሉ ክፍት ነው። ያ ከጀርባ ያለው ቁጥር ገመዱ ነው። ገመዱ ሌላ ቦታ ከታሰረ ዜማው ይወድቃል፤ ድልድዩ በወረቀት ላይ የቱንም ያህል አምሮ ቢሳል አያሻግረውም።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ዝግጅት ያቀናበርሁት ሥራ ላይ፣ ወረቀቱ ላይ የጻፍሁት ቁጥር ልክ ነበር፤ ለልምምድ ያወጣሁት ድምፅ ግን ከጀርባው በሌላ ቁጥር የሚሄድ ነበር። ዘማሪዎቹ ድምፁን ሰምተው ተለማምደው መጡ፣ ነፊዎቹ ወረቀቱን ይዘው መጡ። ሦስተኛው ዙር ላይ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ ዘጋ። ዝም ብለን ተያየን። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱና ድምፁ በአንድ መንገድ መሄዳቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጬ ሳልሰማ ፋይል ከእጄ አይወጣም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ፤ ጣትሽን ገጹ ላይ እያስኬድሽ ስሚው።

ይህ የአንድ ፕሮግራም ጠባይ ብቻ አይምሰልሽ። ሊሊፖንድ የሚባለው ለምሳሌ ሪፒቱን ወረቀት ላይ እጅግ አሳምሮ ያትማል፤ ድምፅ ሲያወጣ ግን ዘርግተህ አጫውት የሚል ትእዛዝ ለብቻው ካልተጻፈለት ሳይመለስ በቀጥታ ያልፋል። እኔ መጀመሪያ የተማርሁበት ፊናሌ ደግሞ ከ35 ዓመት በላይ ኖሮ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ሥራው መቆሙ ተነገረ። ፕሮግራሞቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ ለዓይን የተጻፈውና ለማሽን የተነገረው ለየብቻ መሆናቸው ግን በብዙ ቦታ ያጋጥምሻል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የገባኝን ልንገርሽ። አባባ ልጅ ሳለ ዲማ ጊዮርጊስ ቆሎ ትምህርት ቤት የከረመባቸውን ክረምቶች ሲያወጋን፣ ማሕሌቱ ላይ አንዱ ዜማ እንዴት እንደሚመላለስ ይነግረን ነበር። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ምንም መሣሪያ። ከዚያ መቋሚያ እየተነሣ በዝማሜ። ከዚያ ከበሮው ገብቶ በመረግድ፣ ኋላም በጽፋት እየተጨበጨበ። ቃሉ ያው፣ ዜማው ያው፤ ግን እየሞቀ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ድጓው ላይ የተቀመጡት ምልክቶች፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያቆሟቸው ናቸው ይላሉ አባቶች፤ የሚነግሩት ድምፁ እንዴት እንደሚሄድ ነው። መቼ እንደሚመለስ፣ መቼ ወደ መረግድ እንደሚታለፍ የሚያውቀው ፊት የቆመው መሪጌታ ነው። እኛም በሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ደብተራችን ላይ «አዝ» ብለን፣ ጎኑ ላይ 2 ጽፈን እንተው አልነበር? በቂ ነበር። መሪ ነበረንና። ማሽኑ መሪጌታ የለውም። ሰው በዓይኑ ጥቅሻ የሚያደርገውን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥረው ካልነገሩት አያውቅም፤ ከነገሩት ደግሞ አይረሳም።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለ። «ሰለቸኝ፣ አራቱንም ዙር ዘርግቼ ልጽፈውና ልገላገል» ብለሻል። እባክሽ አትዘርጊው። ከዘረጋሽው 12 ባር የነበረው 40 ባር ይሆናል፤ ልጆቹ ገጽ መገልበጥ ይጀምራሉ፣ ትንንሾቹም መሀል ላይ የት እንደደረሱ ይጠፋቸዋል። ግን ለገጹ ብቻ አይደለም የምለው። የተዘረጋ ዜማ ወደፊት የሚሄድ ነው የሚመስለው። የአባባ ዜማ ወደፊት አይሄድም፤ ይመለሳል። ልጆቹ ሁለቱን ነጥቦች አይተው ዓይናቸውን ወደ መጀመሪያው ባር ሲመልሱ፣ ያ መመለስ ራሱ ዜማው ነው። ይህን በዓይናቸው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

የእረኛ ዋሽንት በኖታ መጻፉ ያባባን ነገር ያሳንሰው ይሆን ወይ ብለሽም ተጨንቀሻል። አያሳንሰውም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ ለኦርኬስትራ የጻፈው ሥራ አለ፤ «እረኛው ባለዋሽንት» ይባላል። በዓለም ፊት ይዞት የቀረበው እረኛን ነው። አባባም እረኛ ነበር። ያችን አራት ቀዳዳ ያላትን ሸምበቆ፣ መሀሏ ተሰንጥቆ በክር የጠመጠማትን፣ አሁንም ከትራሱ ሥር እንደሚያስቀምጣት ነግረሽኛል። ጣቶቹ እንቢ ቢሉትም።

እታለም፣ አውድማው ትዝ ይልሻል? ጤፉ ተወቅቶ ክምሩ ሌሊት ሲጠበቅ፣ አባባ ሁለታችንን በአንድ ጋቢ ጠቅልሎ ገለባው ላይ ያስቀምጠን ነበር። በሬዎቹ በጨለማው ሲያመሰኩ ይሰማል። ብርዱ ከዓባይ በኩል ሲመጣ አፍንጫዬን ክንድሽ ውስጥ እቀብር ነበር። ከዚያ ዋሽንቱን ያወጣል። እኔ ዜማው እንዳያልቅ እፈራለሁ፤ ካለቀ ጨለማው ይመጣልና። አንቺም ፍርሃቴን ስለምታውቂ እጄን ከጋቢው ሥር ይዘሽ በጣቶቼ ትቆጥሪልኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመለስ አውራ ጣቴን ታጥፊያለሽ። ሲመለስ ሌባ ጣቴን። እንደገና ሲመለስ የመሀሉን። አራተኛው ላይ፣ ዜማው ሊወርድ ሲል፣ መዳፌን በሙሉ ጨምቀሽ ትይዢው ነበር። እኔም ማለቁን አስቀድሜ ስለማውቅ አልፈራም።

ትናንት ሌሊት በቅጂው ላይ 10ኛውን ባር ከፍቼ 4 ቁጥርን ስጽፍ ያ እጅሽ ነበር የታወሰኝ። ማሽኑ ያጣው አንቺን ነው። ያኔ ለኔ የቆጠርሽውን አሁን ለእሱ ቁጠሪለት፤ ሌላ ምንም አይጎድለውም።

እንግዲህ ፍላሹን መልሼ ልኬልሻለሁ። ያንቺን ፋይል አልነካሁትም፤ አንቺው ራስሽ እንድታስተካክዪው ነው። ከላይ የነገርሁሽን ስታደርጊ ከ20 ደቂቃ በላይ አይፈጅብሽም። ማጫወቻው ጋ ያለችው የሪፒት ምልክት መብራቷን እዪ፤ እሷ ከጠፋች ሁሉንም አስተካክለሽ እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሄደው። ወደፊት ዳ ካፖ መጨመር ከፈለግሽ ደግሞ፣ ወደ ራስ ከተመለሰ በኋላ ሪፒቱን እንደገና እንደማይደግም እወቂ፤ የመጨረሻውን መዝጊያ ይዞ ነው የሚወጣው። እንዲደግም ከፈለግሽ የዳ ካፖውን ጽሑፍ መርጠሽ ኢንስፔክተሩ ውስጥ ፕሌይ ሪፒትስ የሚለውን ሳጥን ምልክት አድርጊበት።

ከጎኑ ሌላ ፋይል አለ፣ የኔ ነው። ስሰማው ስሰማው አንድ ነገር ጠረጠርሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ አባባ ሶሉን ከሌሎቹ አስረዝሞ አይዘውም ነበር? ትንፋሹ ሊያልቅ እስኪደርስ? የመሀል ጣቴን ስታጥፊ ቆይተሽ እንደነበር ነው የሚመስለኝ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከሆነ ሁለት መዝጊያ አይበቃውም፤ ሦስት ነው የሚያስፈልገው፦ ለ1 እና ለ2 አንድ፣ ለ3 ለብቻው፣ ለ4 የመጨረሻው። እንደዚያ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ቁጥሮቹ የት የት እንደተቀመጡ ከፍተሽ ታዪዋለሽ።

እሑድ ሞጣ ስትሄጂ ሁለቱንም አሰሚው። የቱ የማን እንደሆነ አትንገሪው። ቃሉን ልክ እንዳለ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ